የጐብኚ መርከብ መቅረትና የካይማን ባለሱቆች ችግር

የንግድ ሥራ መሠረቱ ደንበኛ መሆኑን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ይሁን እንጂ በገዛ እግሩ የሚመጣ ደንበኛና ሌላ ሰው አሳፍሮ የሚያመጣው ደንበኛ ምን ያህል እንደሚለያዩ ብዙ ጊዜ አይታሰብም። ይህ ልዩነት በካሪቢያን ባሕር በሚገኙት በካይማን ደሴቶች በግልጽ በመታየት ላይ ስለሆነ፣ አስመጪዎችም፣ ላኪዎችም፣ ባለሱቆችም ቢያስተውሉት ይበጃል ብዬ አስባለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የካይማን ደሴቶች ከኩባ በስተደቡብ የሚገኙ፣ በብሪታንያ ሥር የሚተዳደሩ ሦስት ደሴቶች ሲሆኑ፣ በ2021 በተደረገው ቈጠራ የሕዝባቸው ብዛት ከ71 ሺህ ጥቂት ይበልጥ ነበር። በአገሩ የገቢ ግብር የሚባል ነገር የለም። መንግሥቱ የሚተዳደረው በአብዛኛው ከውጭ በሚገባው ዕቃ ላይ በሚጣለው ቀረጥና ከባንኮችና ከገንዘብ ድርጅቶች በሚሰበሰበው የፈቃድ ክፍያ ነው። ዋና ከተማይቱ ጆርጅ ታውን ግን ከባንኩ ሌላ ሁለተኛ ፊት አላት። በወደቡ ዳር የተደረደሩት የሰዓት፣ የጌጣጌጥ፣ የሽቶና የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች የሚኖሩት ጧት ወርዶ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ በሚሳፈረው የመርከብ መንገደኛ ኪስ ነው።

በ2006 በመርከብ የመጣው ጐብኚ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2019 ወደ 1.83 ሚሊዮን ሆነ። ከዚያም በ2020 መጋቢት የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ወደቡ ለጐብኚ መርከብ ተዘጋ፤ የተከፈተውም ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ወረርሽኙ አለፈ፣ መርከቦቹም በዓለም ላይ እንደ ቀድሞው መጓዝ ጀመሩ፤ ዳሩ ግን በ2024 ወደ ካይማን የመጣው የመርከብ ጐብኚ ቍጥር 1.1 ሚሊዮን ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይኸውም ከ2019 ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 40 ያህል ጐድሏል ማለት ነው። በአውሮፕላን መጥቶ በሆቴል የሚያድረው እንግዳ በ2019 ከ500 ሺህ ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ በ2024 ከ430 ሺህ በላይ ሆኖ፣ የቀነሰው ከመቶ 13 ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ችግሩ አገሪቱ ስሟ ስለ ጠፋ ወይም ባሕሯ ስለ ደፈረሰ አይደለም።

ምክንያቱ ጆርጅ ታውን ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት መድረክ የሌላት መሆኗ ነው። መርከቡ ከባሕር ላይ ይቆማል፤ መንገደኛው በትንንሽ ጀልባዎች እየተመላለሰ ወደ ምድር ይወርዳል። መርከቡ 2 ሺህ ሰው በሚጭንበት ዘመን ይህ ብዙ አያስቸግርም ነበር። ነገር ግን በ2009 ኦዌሲስ ኦቭ ዘ ሲስ የተባለው መርከብ ከ5 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ሆኖ ተሠራ፤ በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦቭ ዘ ሲስ ደግሞ እስከ 7,600 መንገደኛ ይይዛል። አንዱ ጀልባ 150 ሰው ይጭናል ብንል፣ 6 ሺህ ሰው ለማውረድ 40 ምልልስ፣ ለመመለስም ሌላ 40 ምልልስ ያስፈልጋል። መርከቡ በወደቡ የሚቆየው የአንድ ቀን እኩሌታ ስለሆነ፣ ይህን ሒሳብ የሠራ የመርከብ ኩባንያ ፊቱን መድረክ ወዳላቸው ወደ ሜክሲኮው ኮዙሜልና ወደ ጃማይካው ፋልመዝ ቢያዞር አያስደንቅም።

መድረኩን ለመሥራት ሳይታሰብ የቀረ አይደለም። በ2019 መንግሥቱ ሁለት ታላላቅ የመርከብ ኩባንያዎች ካሉበት ማኅበር ጋር ለመዋዋል ተሰናድቶ ነበር። ከመራጩ ሕዝብ ከመቶ 25 የሚበልጠው ፈርሞ ጉዳዩ በሕዝብ ድምፅ ይወሰን ብሎ ጠየቀ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2020ም ዕቅዱ ተተወ። በመጨረሻ ሚያዝያ 30 ቀን 2025 ከምክር ቤቱ ምርጫ ጋር ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ፣ አብዛኛው መራጭ መድረኩ አይሠራ ብሎ ወሰነ። በወደቡ ውስጥ ያለው ኮራል የሚባለው ሕያው የባሕር ድንጋይ እንዳይጠፋ፣ ጠባቢቱም ደሴት በሰው ብዛት እንዳትጨናነቅ የሚለው ሐሳብ አሸነፈ።

ይህንን ውሳኔ የንግድን ጥቅም ያልተረዱ ሰዎች የሠሩት ስሕተት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን አልስማማም። በጸሐፊነት ሥራዬ የነጋዴ መዝገብ ስይዝ የኖርሁ ሰው ነኝና፣ በበር የገባው ሰው ብዛት በመዝገብ እንደማይሰፍር አውቃለሁ፤ የሚሰፍረው የተሸጠው ነው። የዛሬው መርከብ በውስጡ ምግብ ቤትም፣ ሰዓትና ሽቶ የሚሸጥበት ሱቅም፣ ቁማር ቤትም አለው። ከዚያም አልፎ ኩባንያዎቹ የራሳቸውን የባሕር ዳርቻ እስከ ማደርጀት ደርሰዋል፤ ሮያል ካሪቢያን በባሃማስ በምትገኘው በኮኮ ኬይ ላይ 250 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ በ2019 ከፍቷታል፤ ካርኒቫልም በዚያው በባሃማስ ሴሌብሬሽን ኪ የተባለውን በ2025 ሐምሌ ሥራ አስጀምሯል። መንገደኛው በዚያ የሚያወጣው ገንዘብ ከኩባንያው ቀኝ እጅ ወደ ግራ እጁ ይዛወራል እንጂ ወደ ሌላ አይሄድም። እንግዲህ መድረኩ ቢሠራ መርከቡ ይመጣ ነበር፤ ባለሱቁ ግን ከተፎካካሪው ደጃፍ ላይ ቆሞ ከገበታው የተረፈውን የሚጠብቅ ይሆን ነበር። አንዱ ኩባንያ ነገ መንገዱን ቢለውጥ ደግሞ መድረኩ ለደሴቲቱ ይቀራል። መናኸሪያ ሲዛወር በአሮጌው መናኸሪያ በር ላይ የነበረው ባለሱቅ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ሁሉ ይህ አይጠፋውም።

የማልደግፈው ግን ከውሳኔው በኋላ ያለውን ዝምታ ነው። ድምፁን የሰጠው ሕዝብ ሁሉ ሲሆን፣ ኪሳራውን የሚሸከሙት ጥቂቶች ናቸው፤ መንገደኛውን የሚያመላልሱት ባለጀልባዎች፣ ባለታክሲዎች፣ ስቲንግሬይ ሲቲ ወደሚባለው ሥፍራ ወስደው ከባሕር ዓሣዎች ጋር የሚያዋኙት አስጐብኚዎች፣ በወደቡ ዳር ኪራይ የሚከፍሉት ትንንሽ ባለሱቆች። ባንክ ውስጥ የሚሠራው ሰው ኮራሉ በመትረፉ ይደሰታል፤ ደመወዙም አይነካበትም። አገር በአንድ ድምፅ የወሰነችውን ነገር ዋጋውን አንድ ሰፈር ብቻ ይክፈል ማለት ፍርድ አይደለም። ለነዚህ ሰዎች ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት የንግድ ፈቃድ ክፍያቸው ቢቀነስላቸው፣ ለባለጀልባውም ሌላ ሥራ የሚጀምርበት ብድር ቢገኝለት፣ አገሪቱን የሚያደኸይ ነገር አይመስለኝም።

ባለሱቆቹም ቢሆኑ የሚጠየቁበት ነገር አለ። ጆርጅ ታውን መርከቡ ከሄደ በኋላ ጭር የምትል ከተማ ናት። በሆቴል የሚያድረው እንግዳ ግን ቀኑን በባሕር ዳር ውሎ ወደ ገበያ መውጣት የሚያምረው ወደ ማታ ነው። ይህ እንግዳ ብዙ ቀን ይቆያል፣ አይቸኩልም፣ አንድ ጊዜ አይቶ ነገ ተመልሶ ይገዛል። በሩን በመርከቡ ፉጨት የሚከፍትና የሚዘጋ ሱቅ ይህን ደንበኛ ሊያገኘው አይችልም። የዕቃውም ምርጫ እንዲሁ ነው፤ ለግማሽ ቀን መንገደኛ የሚመጣው ትንሽ የመታሰቢያ ዕቃ ለሳምንት እንግዳም፣ በደሴቲቱ ለሚኖረውም ሰው አይሆንም።

የመርከብ ኩባንያዎች የትኛው መርከብ በየትኛው ቀን በየትኛው ወደብ እንደሚቆም አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ አስቀድመው ያስታውቃሉ። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ላለው የገበያ ወራት ዕቃ የሚያዝ የጆርጅ ታውን አስመጪ የአምናውን ሽያጭ ከመመልከቱ በፊት ይህንን ሠንጠረዥ ቢመለከት፣ ቀረጥና የመርከብ ኪራይ ተከፍሎበት በመጋዘን የሚቀረው ሰዓትና ሽቶ ያነሰ ይሆንለታል።