ስሕተትን በስሙ መጥራት

ሰው ጥፋቱን ሊያርም የሚችለው ጥፋቱ ምን እንደ ሆነ ሲያውቅ ነው። «አበላሸህ» ብሎ መቈጣት ብቻውን ያሳዝናል እንጂ አያስተምርም። ይህንንም ለማስረዳት ጎልፍ ከሚባለው ጨዋታ ምሳሌ ልናመጣ ወደድን።

ጎልፍ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ በጥቂት ምት ወደ ጉድጓድ የሚያገቡበት የስኮትላንድ ጨዋታ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1457 ዓ.ም. በንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ ዘመን፥ ሕዝቡን ከቀስት ልምምድ ያዘናጋል ተብሎ በአዋጅ ተከልክሎ ነበር።

ጨዋታው እጅግ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ምቱ ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ተጫዋቾቹ ግን «ተበላሸ» ብለው አይተዉትም፤ ለእያንዳንዱ ብልሽት ስም አውጥተውለታል። በቀኝ የሚመታ ሰው ኳሱ ወደ ቀኝ ሲጎብጥበት «ስላይስ» ይባላል፤ ይኸውም የዱላው ገጽ ዱላው ከሚሄድበት መንገድ ወደ ቀኝ ዘወር ብሎ ኳሱን ስለሚያሾረው ነው። ወደ ግራ ሲጎብጥ «ሁክ»፥ ማለት መንጠቆ ይሉታል። ዱላው ከኳሱ አስቀድሞ መሬቱን ሲመታ «ፋት» ነው፤ የኳሱን አናት ሲመታና ኳሱ ሳይነሣ በምድር ሲንከባለል «ቶፕ» ነው። የዱላው ራስ ከዘንጉ ጋራ የሚጋጠምበት አንገት ኳሱን ሲመታ «ሻንክ» ይባላል፤ ይህንንስ ብዙዎች እንዳይዛቸው ፈርተው ስሙን እንኳ አይጠሩትም። ኳሱን ጨርሶ ስቶ አየሩን የመታ «ዊፍ» አደረገ ይባላል፤ ለመምታት አስቦ ሰንዝሯልና ኳሱ ባይነቃነቅም አንድ ምት ይቈጠርበታል።

የእነዚህ ስሞች ጥቅም መሳለቂያ መሆናቸው አይደለም። ስላይስ ያደረገ ሰው የዱላውን አያያዝ ይመረምራል፤ ፋት ያደረገ ዱላው ምድር የነካበትን ስፍራ ያያል። «አትችልም» የተባለ ግን የሚመረምረው ነገር የለውም። በንባብ ቤትም መምህሮቻችን ወዳቂውን ቃል ተነሽ አድርጎ ያነበበውን ተማሪ «ወዳቂ ነው» ብለው ያርሙት ነበር፤ ተማሪውም ወዲያው ይመለሳል።

እኛ ግን ይህን በቤታችን ረስተነው ነበር። ጽሕፈት የሚለማመደውን ልጃችንን ብዙ ቀን «አበላሸህ» ስንለው ሰነበትን። አንድ ማታ «አባባ፥ ምኑን ነው ያበላሸሁት?» ብሎ ቢጠይቀን መልስ አጣን። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አቅርበን ብንመለከት ፊደሉ ደኅና ነው፤ መሥመሩ ብቻ ወደ ታች ያዘነብላል። ለካ ልጁ ወረቀቱን አጣሞ ያስቀምጥ ኖሯል። «መሥመርህ ያዘነብላል» ብለን ወረቀቱን አቀናንለት፤ በማግሥቱም ጽሕፈቱ ቀና። ያ ሁሉ ቀን ያለቀሰው በእኛ ስንፍና ነበር።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ሲሳሳት ከመቈጣታችሁ በፊት የስሕተቱን ስም ፈልጉለት። ስሙን ካጣችሁት፥ ገና እናንተም ስሕተቱን አላያችሁትም።