በ«እረፍ» እና በ«በርታ» መካከል

እኛ ዘንድ ጡንቻው የተጎዳ ልጅ ሁለት ምክር ይሰማል። ቤት ውስጥ «እረፍ፣ ብረቱን ተወው» ይሉታል፤ ጂም ውስጥ ደግሞ «በርታ፣ ምንም አትሆንም»። እዚህ ግሬፕቫይን ሁለቱንም ደጋግሜ እሰማለሁ። እንደ አንድ የነርሲንግ ተማሪ፣ ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው ባይ ነኝ።

ጡንቻ ወይም ጅማት ሲጎዳ መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ያብጣል፤ ቀጥሎ ለሳምንታት ቁስሉን የሚሞላ አዲስ ሥጋ ይሠራል፤ ከዚያም ያንን ለወራት ያጠነክራል። አዲሱ ሥጋ መሥመሩን ይዞ የሚጠነክረው ቀስ በቀስ ክብደት ሲለማመድ ነው። ጨርሶ ካላሠራነው ደካማ ይሆናል፤ ከቸኮልን እንደገና ይቀደዳል። እ.ኤ.አ. በ1978 ዕረፍትንና በረዶን ያስተዋወቁት ዶክተር ጌብ ሚርኪን ራሳቸው፣ በ2014 በረዶና ፍጹም ዕረፍት ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፈዋል።

ወጌሻን አከብራለሁ። ነገር ግን ውስጡ የደማ ጡንቻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በኃይል ሲታሽ መድማቱ ይብሳል፤ አንዳንዴም ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅል ይችላል። ለእማማ በአክብሮት «ትንሽ ይቆይ» ማለት ነውር አይደለም።

ቀነኒሳ በቀለን አስቡ። በባቱ ጉዳት ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ ከውድድር ርቆ፣ በኦገስት 2011 ዴጉ ላይ 10,000 ሜትሩን አቋርጦ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብራስልስ ላይ 26:43.16 ሮጦ የዓመቱን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። አንድ መጥፎ ቀን መጨረሻ አይደለም።

ለእኛ ነገሩ የቁመና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኤርፖርት ሻንጣ እያነሳ፣ ሌሊት ታማሚ እያገላበጠ የሚማር ብዙ ነው። ጉዳቱ ከተመለሰበት ደሞዙም ይቀራል።

ስለዚህ በእግር መሄድ ሳያም ሲቀር፣ ከቀድሞው ክብደት ከግማሽ በታች ጀምሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ፤ ወይ ክብደት ወይ ድግግሞሽ። ሕመሙ ከ10 ከ3 ካላለፈና በማግስቱ ጠዋት ከጠፋ ቀጥሉ፤ ከባሰ አንድ እርምጃ ተመለሱ። ሲጎዳ «ቷ» ካለ፣ እግራችሁ መቆም ካቃተው፣ ወይም ባታችሁ አብጦ ከሞቀ ግን ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ቴክሳስ ውስጥ ከ2019 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሄዶ ቢያንስ ለ10 የሥራ ቀናት መታከም ይቻላል። ኢንሹራንሳችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ይህንንም ለቤተሰብ ንገሩ።