የክፉ ቀን በር

   

የዛሬው ንባባችን ስለ ጎረቤት ነው። ጎረቤት በደኅና ቀን ቡና ያጣጣል። በክፉ ቀን ደግሞ ነፍስ ያተርፋል። ታሪኩ የሆነው ሩቅ አገር ነው፤ በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ። ነገሩ ግን ለኛም ቅርብ ነው። ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ገና ፊደል ላልቆጠረ ጎረቤትም ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

እሳቱ

ከለንደን በስተምዕራብ በኩል ግሬንፌል የሚባል ረጅም ሕንፃ ነበር። ሕንፃው 24 ፎቅ ነበር። ፎቅ ማለት ቤት በቤት ላይ ተደራርቦ ሲሠራ ነው። በዚህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የአንድ መንደር ያህል ሰው ይኖር ነበር። ነዋሪዎቹ ከብዙ አገር የመጡ ናቸው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ አራተኛው ፎቅ ላይ በአንድ ቤት ኩሽና እሳት ተነሣ። የተነሣው ከፍሪጅ ነው። ፍሪጅ ምግብ እንዳይበላሽ የሚያቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው።

እሳቱ እዚያው ኩሽና ውስጥ መቅረት ነበረበት። አልቀረም። ሕንፃው ከውጭ በኩል ልባስ ለብሶ ነበር። ልባሱ ውስጡ ፕላስቲክ ነበረበትና እንደ ጭራሮ ነደደ። እሳቱ ግድግዳውን ይዞ እስከ ጣራው ወጣ። 72 ሰዎች ሞቱ። ከነዚህ ውስጥ 18ቱ ልጆች ናቸው። ከሞቱት መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆችም አሉበት። ስለዚህ ሐዘኑ እኛም አገር ገብቷል።

ነዋሪዎቹ አስቀድመው፣ ቤቱ ለእሳት ያሰጋል ብለው አቤት ብለው ነበር። ሰሚ አላገኙም። ጉዳዩን የመረመረው ጉባኤ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የመጨረሻውን ሪፖርት አወጣ። የጉባኤው ሰብሳቢ እንደተናገሩት፣ የነዚያ ሰዎች ሁሉ ሞት ሊቀር የሚችል ሞት ነበር።

በሩ

ወሩ የረመዳን ወር ነበር። ብዙ ሙስሊሞች ሱሑር እስኪደርስ አልተኙም። ሱሑር ማለት ጾመኛ ጎሕ ሳይቀድ የሚበላው ምግብ ነው። እነዚህ ያልተኙ ሰዎች እሳቱን አዩ። በር እያንኳኩ የተኛውን ጎረቤት ቀሰቀሱ። ረመዳን ባይሆን ኖሮ የሟቹ ቁጥር ይበዛ ነበር ያሉ የሰፈሩ ሰዎች አሉ።

ከሕንፃው ብዙም ሳይርቅ አል መናር የሚባል የሙስሊሞች ማዕከል አለ። የተከፈተው በ1993 ዓ.ም. ነው። ማዕከሉ መስጊድ አለው። ከመስጊዱ ሌላ መማሪያ ክፍል፣ መሰብሰቢያ አዳራሽና ኩሽናም አለው። አል መናር በዓረብኛ መንገደኛ እንዳይጠፋ መብራት የሚበራበት ማማ ማለት ነው።

እሳቱ ገና እየነደደ ማዕከሉ በሩን ከፈተ። የማንም ሃይማኖት ሰው ይግባ አለ። ቤት ንብረቱ የነደደበት ሰው ገባ። ውሃ ጠጣ፣ ምግብ ቀመሰ፣ ጎኑን አሳረፈ። ዘመዱን ያጣ ሰው የሚያጽናናው አገኘ። ሲመሽ ማፍጠሪያ ቀረበ። ጾመኛውም ያልጾመውም አብሮ ቆረሰ። የሰፈሩ አብያተ ክርስቲያናትም እንደዚሁ በራቸውን ከፍተው ሰው ሲቀበሉ አደሩ።

የአካባቢው አስተዳደር ግን ዘገየ። መርማሪው ጉባኤ ይህንንም ጽፎታል። አስተዳደሩ ለእንዲህ ያለ ቀን አልተዘጋጀም ነበር። በተለይ ጾም ላይ የነበሩት ሙስሊሞች የሚያስፈልጋቸው ነገር በቅጡ አልታሰበበትም።

ታዲያ ማዕከሉ ቀድሞ የደረሰው ከአስተዳደሩ ይልቅ ሀብታም ስለሆነ ነው? አይደለም። ሦስት ነገር ነበረው። አንደኛ፣ በሩ እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ሰዉን ያውቀዋል፤ ማን ምን እንደሚበላ፣ ማን በምን ቋንቋ እንደሚናገር ያውቃል። ሦስተኛ፣ አዳራሹና ኩሽናው ቀድሞ ተሰናድቷል። እሳት ከተነሣ በኋላ ጉድጓድ ቢቆፍሩ ውሃው አይደርስም።

ምድጃው

ከእሳቱ የተረፉት ሰዎች ሆቴል ገቡ። አንዳንዶቹ ከዓመት በላይ እዚያ ቆዩ። ሆቴል አልጋ አለው፤ ምድጃ ግን የለውም። ልጆቿን በእጇ አብስላ ያሳደገች እናት የሰው እጅ ጠባቂ ሆነች። ይህ ሁለተኛ ሐዘን ነው።

ከተረፉት አንዷ ሴት ወደ ማዕከሉ ሄዳ በኩሽናው እንዲያበስሉ ጠየቀች። ማዕከሉ ፈቀደ። ሴቶቹ ተሰበሰቡ። አንዷ ሌላዋን ጠራች። ከተለያየ አገር የመጡ ነበሩና እያንዳንዷ የአገሯን ወጥ ሠራች፤ ያንዷን ሙያ ሌላዋ ተማረች። እያበሰሉ ያለቅሳሉ፣ እያበሰሉ ይስቃሉ። ኩሽናውን «ሁብ» አሉት። ሁብ በዓረብኛ ፍቅር ማለት ነው።

መጀመሪያ ኩሽናው የሚከፈተው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ገንዘብ አጥሮ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ሴቶቹ የወጥ አሠራራቸውን የያዘ መጽሐፍ አወጡ። የልዑል ሃሪ ባለቤት ሜጋን መግቢያውን ጻፉለት። የሽያጩ ገንዘብ ኩሽናውን ለማደስና ብዙ ቀን ለመክፈት ዋለ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሰዉን ቤት ሲዘጋበት፣ እነዚያው ሴቶች ለተቸገረ ሰው ምግብ አበሰሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ማዕከሉ ለሴቶቹ የበሰለ ምግብ ብቻ ሰጥቶ ቢተዋቸው ኖሮ ሁልጊዜ ተቀባይ ሆነው ይቀሩ ነበር። ምድጃውን ስለሰጣቸው ግን ዞረው ሰጪ ሆኑ።

እኛስ?

ይህ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም። ወሎ ውስጥ ቅሬ ይባላል፤ ሌላው ዘንድ እድር ነው። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ ለብቻ የሚታረድ ያዘጋጃል፤ ሙስሊሙም እንደዚሁ። የጎረቤትን ማዕድ ማወቅ ጎረቤትን ማክበር ነው።

ሆኖም አንድ ነገር እንጠይቅ። ቅሬአችን የሚነሣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው? ቤት ሲቃጠልስ? ጎርፍ ሲመጣስ? ለቀብር የሚወጣው ጉልበት ለቋሚውም ቢወጣ ምን ይለዋል?

ለንደን ውስጥ ከእሳቱ በኋላ ሰዎች የጠፋባቸውን ሰው ስምና ፎቶግራፍ በወረቀት እያደረጉ ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተረፈ ለይቶ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጀ። በኛ ቀበሌ እንዲህ እንዳይሆን ከእናንተ አንድ ነገር ይጠበቃል። አሁን መጻፍ ትችላላችሁ። ስለዚህ የመንደራችሁን መዝገብ ጻፉ። በየቤቱ ስንት ሰው አለ? መራመድ የማይችል አዛውንት የት ቤት ነው? ነፍሰ ጡር ማን ናት? ትልቁ ድስት፣ መሰላሉና ባልዲው ማን ዘንድ ይገኛል? ይህ መዝገብ አንድ ደብተር ይበቃዋል። በክፉ ቀን ግን ሰው ያድናል።

ለመወያያ

1. አል መናር በክፉ ቀን ቶሎ የደረሰው በምን ምክንያት ነው? ሦስቱን ተናገሩ።
2. ምግብ በመስጠትና ምድጃ በመስጠት መካከል ምን ልዩነት አለ?
3. ቅሬአችሁ ወይም እድራችሁ ቤት ለተቃጠለበት ሰው ምን ያደርጋል? ምንስ ይጎድለዋል?

ለመጻፍ

ከቤታችሁ ቀጥሎ ያሉትን የአምስት ጎረቤቶች ስም በደብተራችሁ ጻፉ። ከየስሙ ጎን በቤቱ ስንት ሰው እንዳለ በቁጥር አስቀምጡ። በሚቀጥለው ትምህርት ይዛችሁ ኑ።