ማንጎው አሶሳ ይበሰብሳል፣ ወቀሳው አውሮፓ ይላካል

አሶሳ ላይ ማንጎ ብርቅ አይደለም። በከተማዋም ሆነ በባምባሲ፣ በሆሞሻና በመንጌ በየጓሮው አለ። ወቅቱ ሲደርስ ገበያው በአንድ ጊዜ ይጥለቀለቃል፣ ዋጋው ይወድቃል፣ ያልተሸጠው ዛፉ ሥር ይበሰብሳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ባሕር አቋርጦ የመጣ ማርማላታ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ተደርድሮ በውድ ይሸጣል። ይህ ሲነሳ ከመድረክ የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው፦ ክልሉ እምቅ አቅም አለው፣ ባለሀብት ይምጣና ያልማ። «እምቅ አቅም» የሚባለው ነገር ግን በኪሎ ተመዝኖ አይሸጥም።

ሁለተኛው ሰበብ «የውጭ ገበያ በሩን ዘግቶብናል» የሚለው ነው። ይሄኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ምክንያቱም እውነት አይደለም።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በማደግ ላይ ካሉ ደሃ አገሮች ከጦር መሣሪያ በስተቀር ማንኛውም ምርት ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ እንዲገባ ፈቅዷል። ኢትዮጵያ በዚህ ዕድል ውስጥ ናት። የአሜሪካው አጎዋ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ሲቋረጥ ምክንያቱ ፖለቲካ ነበር፤ የአውሮፓው በር ግን አልተዘጋም። የአሶሳ ማንጎ ማርማላታ ብራስልስ ላይ የሚያግደው ቀረጥ የለም። የሚያግደው ደረጃ ነው። ደረጃ ደግሞ በልመና አይነሳም፤ በሥራ ይሟላል።

ደረጃው ምን ይላል? የኅብረቱ የ2001 የማርማላታ ሕግ በአንድ ኪሎ ምርት ውስጥ ቢያንስ 350 ግራም ፍራፍሬ እንዲገባ ያዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ተሻሽሎ መጠኑ ወደ 450 ግራም ከፍ ብሏል፤ «ልዩ» ለሚባለው ደረጃ ደግሞ 500 ግራም ሆኗል። ተፈጻሚነቱ ከሰኔ 14 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ቅልቅሉ ውስጥ የሟሟው ደረቅ ነገር፣ በአብዛኛው ስኳር ማለት ነው፣ 60 በመቶ መድረስ አለበት። የፍራፍሬው መጠን መለያ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ስሙም ሳይቀር ሕግ አለው፦ እኛ ከጣሊያን ወስደን ማንኛውንም የምንጠራበት «ማርማላታ» እዚያ ለረጅም ጊዜ ለብርቱካንና ለሎሚ ዘመዶች ብቻ የተከለለ ቃል ነበር። የማንጎውን ጠርሙስ በዚህ ስም የላከ ነጋዴ ገና በመለያው ሊያዝ ይችላል።

ይህን ልብ በሉ፤ አዲሱ ሕግ ፍራፍሬ ይብዛ ነው የሚለው። ፍራፍሬ የተረፈው ማነው? አሶሳ። ሕጉ የሚጎዳው ስኳር አብዝቶ ፍራፍሬ የሚቆጥበውን ፋብሪካ እንጂ ማንጎ የሚደፋውን ገበሬ አይደለም።

«ትኩሱን ማንጎ ራሱን ለምን አንልክም?» የሚል ካለ ጎረቤት ኬንያን ይይ። በፍራፍሬ ዝንብ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ አውሮፓ የምትልከውን ማንጎ በራሷ ፈቃድ አቁማ የተመለሰችው በ2021 ነው። በእሳት የበሰለ ማርማላታ ግን ዝንብ ይዞ አይሄድም። ቀላሉ መንገድ ይህ ነው።

የቀረው እውነተኛ እንቅፋት የፀረ ተባይ ቅሪት ነው። የራሱ ገደብ ላልወጣለት ኬሚካል አውሮፓ የሚፈቅደው በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው። ነጭ የማንጎ ተባይ እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ላይ ከታየ ወዲህ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝም ተዛምቷል። ገበሬው ዛፉን ለማዳን ያገኘውን ቢረጭ ማን ይመዘግባል? ማን ይመረምራል? ይህን አንድ ባለሀብት ወይም አንድ የሴቶች ማኅበር ብቻውን ሊሠራው አይችልም። የመንግሥት ሥራ ነው።

እንደሚቻል ደግሞ ማሩ ምስክር ነው። የኢትዮጵያ ማር እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ አውሮፓ እንዲገባ የተፈቀደው አገሪቱ የቅሪት ክትትል እቅድ አቅርባ ስለታመነች ነው። ሰሊጣችን ደግሞ በሳልሞኔላ የተነሳ በኅብረቱ የተጠናከረ ቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ገበያው አንድ፣ አገሯም አንድ ናት፤ ልዩነቱ ምርቱ ከመጫኑ በፊት መመርመሩና አለመመርመሩ ነው።

«መጀመሪያ ሰላምና መንገድ» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ የሚያልፈው መንገድ በጸጥታ ችግር በተደጋጋሚ ተቋርጧል። ባዶ ጠርሙሱም ቢሆን አሶሳ ለመድረስ መንገድ ይፈልጋል። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋ ቀድሞ የሚሞተው ትኩስ ማንጎ ነው። ታሽጎ የተቀመጠ ማርማላታ ወራትን ይጠብቃል። የመንገዱ ችግር ፍራፍሬውን እዚያው ለማቀነባበር ዋናው ምክንያት እንጂ ሰበብ ሊሆን አይችልም።

ክልሉ ለአገሪቱ ያልሰጠው ነገር የለም። ወርቁ፣ እብነ በረዱ፣ ቀርከሃው በጥሬው ይወጣል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የቆመው ጉባ ላይ ነው። በቅድሚያ የተመረጡት አራት የተቀናጁ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ግን ቡሬ፣ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባዕከር ናቸው። ለጎረቤት አገር የሚሸጥ ኤሌክትሪክ የሚመነጭበት ክልል ማንጎ የሚፈላበት ድስት ሊያጣ አይገባም።

ስለዚህ ጥያቄው ግልጽ መሆን አለበት። አንደኛ፣ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቅሪት የሚመረምርና የውጭ ገዢ የሚቀበለው አክሪዲቴሽን ያለው ላቦራቶሪ ይቋቋም። ሁለተኛ፣ ለአምራች ማኅበራት የአገር ውስጥ ስኳር ይመደብ፤ ከቀረጥ ነፃው ዕድል ከውጭ በገባ ስኳር ላይ ገደብ አለውና ነገሩ የዋጋ ብቻ አይደለም። ሦስተኛ፣ ጉዞው ከአዲስ አበባ ይጀምር። መርቲ ማርማላታን ለትውልድ ያስለመደች አገር ሆቴሎቿና አየር መንገዷ የአሶሳውን እንዲገዙ ማድረግ አያቅታትም፤ ምርቱ ግን ከመጀመሪያው ጠርሙስ አንስቶ በአውሮፓው ልክ ይሠራ። እዚህ ያለፈ ምርት እዚያ አይወድቅም።

ይህ ሁሉ ከአንድ «የኢንቨስትመንት ፎረም» የአበልና የድንኳን ወጪ ጋር ይነጻጸር። ባለሀብት በባነር አይመጣም፤ የምርመራ ወረቀት፣ ስኳርና ገዢ ያለበትን ቦታ ግን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ከዚህ በኋላ «አቅም አለን» የሚል ሹም ከመድረኩ ሳይወርድ አንድ ነገር ይጠየቅ፦ ላቦራቶሪው የት አለ?