ስንዴ አንድ ጊዜ ተፈትኖ አያልፍም

ከሐዳር ሽቅብ በካርሜል አናት ላይ በሚገኘው የሐይፋ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን፣ ቢጫ ዋግን የሚቋቋመውን ዋይ.አር.15 የተባለ ጂን ከዱር ስንዴ ለይቶ በ2018 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ለዓለም አሳውቋል። ይህ የዱር ስንዴ አሮን አሮንሶን በ1906 ሮሽ ፒና አጠገብ ያገኘው ዓይነት ነው። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር ከራሳችን ወገኖች መካከል እንኳ «እነዚህ ዘርን በሳይንስ ይፈትናሉ፣ የእኛ ሰዎች ግን የአያቶቻቸውን ዘር ይዘው ተቀመጡ» የሚሉ አይጠፉም። ይህ አባባል ከእውነት የራቀ ነው፤ አባቶቻችንንም በልጆቻቸው ፊት ያሳንሳል።

ዋግ ምን እንደሆነ ያረሰ ሰው ያውቀዋል። አረንጓዴ የነበረ ማሳ በጥቂት ሳምንታት ዝገት የመሰለ ዱቄት ይለብሳል፤ ዱቄቱንም ነፋስ ከአገር አገር ያሻግረዋል። በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ፈተናው እንዲህ ነው፦ ብዙ ዓይነት ስንዴ በትንንሽ መደብ ይዘራል፤ በአጠገቡ ዋግ ቶሎ የሚይዘው ስንዴ ተዘርቶ በሽታው ሆን ተብሎ ይለቀቅበታል። ከዚያ ተመራማሪው እየዞረ አገዳው ስንት በመቶ በዋግ እንደተሸፈነ ይመዘግባል። ጥሩ ፈተና ነው። ነገር ግን የሚመልሰው ይህ ዘር የዘንድሮን ዋግ ይችል እንደሆነ ብቻ ነው። ለከርሞው ዋግ ዋስ አይሆንም።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። እንኮይ የተባለውን ስንዴ በ1993 የግንድ ዋግ ጣለው። ከዚያ በኋላ ብዙ ማሳ የያዘውን ኩብሳን በ2010 ቢጫ ዋግ ፈጀው። ዲገሉ መጣ፤ ቢጫ ዋግንም፣ በ1998 ዩጋንዳ ውስጥ ታይቶ ዓለምን ያስደነገጠውን ዩ.ጂ.99 የተባለ የግንድ ዋግንም ይችላል ተባለ። እውነትም ነበር። ስለዚህ በሰፊው ተዘራ። በ2013 መኸር ግን ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ተነሥቶ ከ10,000 ሄክታር በላይ መታ፤ ክፉኛ በተጎዳው ማሳ ከገለባ በቀር የሚታጨድ አልተገኘም። ፈታኙ አልዋሸም፤ ጥፋቱ አንድን «የተፈተነ» ዘር አገር ሙሉ ማልበሱ ነው።

ታዲያ አላዋቂው ማን ነው? ብዙ ዓይነት ዘር በጎተራው የሚያኖረው፣ ስንዴና ገብስ ደባልቆ ዱራኛ የሚዘራው ገበሬ ነው? አንዱን ዋግ ቢበላው ሌላው ይተርፈዋል። ዩ.ጂ.99ን ከሚቋቋሙት ጂኖች አንዱ የሆነው ኤስ.አር.13 ከተገኘባቸው ስንዴዎች መካከል የኢትዮጵያ ገበሬ ሲያወርሰው የኖረ ነባር ስንዴ ይገኛል። በላቦራቶሪ የተነበበው ከጎተራው የተገኘ ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ ይህን ቀድመው ተረድተው፣ የአዲስ አበባውን የዘር ባንክ ሲመሩ ከገበሬው ጋር ሠሩ፤ በ1989 ዓለም አቀፉን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙትም በዚህ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ፈተናው ይቅር ብለን አይደለም። በየዓመቱ ይደገም፤ የገበሬውም ነባር ዘር ከአዲሱ ጎን በመደቡ ላይ ይሰለፍ፤ ውጤቱም ዘር ከመዘራቱ በፊት በገበሬው ቋንቋ ይነገረው።

እዚህም የሚሠራ አለ። በሐዳር ደረጃዎች ላይ ዱላቸውን ይዘው የሚወጡ የጎንደር አራሾች አሉን። የትኛው ስንዴ በየትኛው ክረምት ዋግ እንደያዘው፣ የትኛው እንደተረፈ ከእነርሱ ስንቱ ተጠየቀ? ዩኒቨርሲቲው በአውቶቡስ የሚደረስበት ነው። ማኅበራችን ከዋግ ተመራማሪዎቹ ጋር ቀጠሮ ይያዝ፤ ሽማግሌዎቹ የዘሩን ስም ሲጠሩ በአማርኛም በዕብራይስጥም የሚጽፉ ሁለት ወጣቶች አብረው ይሂዱ።