ሃይላንዱን የጣለው ማን ነው?

ከአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ጉብኝት በተመለስን ማግስት፣ በካፌው ጠረጴዛ ዙሪያ «ፓርኩን ያቆሸሸው ከብት አርቢው ነው» የሚል ፍርድ ሲሰጥ ሰማን። ፍርዱን የሰጡት ደግሞ ከእኛው ጋር በአንድ አውቶቡስ የሄዱ ናቸው። ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

ለመሆኑ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘራውን ሃይላንድና ፌስታል ከረዩው ነው በግመል ጭኖ ያመጣው? ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና ፓርኩን ለሁለት ሰንጥቆት ያልፋል፤ በስተሰሜን የፈንታሌ ተራራ፣ በስተደቡብ የኢላላ ሳላ ሜዳ። ቆሻሻው የሚወረወረው ከመኪና መስኮት ነው። ከረዩው ግን ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲቋቋም የግጦሽ መሬቱን ያጣ ሕዝብ ነው። መሬቱን ለአውሬው ብለው ወሰዱበት፤ እኛ ደግሞ ለአውሬው ፌስታል አበላነው። ይህ ነው እንግዲህ የተማረው ክፍል ፍርድ!

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ጠዋት ስንነሳ ለያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ሃይላንድ ታደለን፣ ምሳችንም በፌስታል። ስንመለስ ባዶውን ቆጥሮ የተረከበን የለም፤ እኛም አልጠየቅን። አንዱ ጓዳችን ለዝንጀሮ ብስኩት ከነላስቲኩ ሲወረውር ሳቅን እንጂ አልገሠጽነውም። ሳላ እንደ ላም የሚያመሰኳ እንስሳ ነው፤ የዋጠው ፌስታል ሆዱ ውስጥ ይጠቀለላል እንጂ አይፈጭም። (ከሳላው ጋር ፎቶ ለመነሳት ስንራኮት የነበርነውም እኛው ነን።)

«ሕግ ይውጣ» የሚሉም አሉ። ኧረ ሕጉስ ወጥቷል! ስስ ፌስታልን የሚገድበው አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን ጭራሽ የሚከለክል አዋጅ ጸደቀ።

የለስላሳ ጠርሙስን ተመልከቱ። መያዣ ስላለው ባለሱቁ ይጠይቃል፣ ጠርሙሱም ይመለሳል። ከተማ ውስጥ ባዶ ሃይላንድም ቢሆን ቁራሌው ገንዘብ ስለሚያገኝበት ይለቀማል። ኢላላ ሳላ ላይ ግን ቁራሌው አይዞርም። የምንጠይቀው ይህን ነው፦ በፓርኩ በር የሚገባው ፕላስቲክ ይቆጠር፣ ገንዘብ ይያዝበት፣ ባዶው ሲወጣ ገንዘቡ ይመለስ። በአውራ ጎዳናው የሚያልፈውን በሩ አያግደውም፤ ለእሱ መያዣው ከፋብሪካው መጀመር አለበት።

እስከዚያው፣ ለሚቀጥለው ጉብኝት አውቶቡሱ ላይ አንድ በርሜል ውሃ ይጫን፤ ሁሉም ኮዳውን ይያዝ። «ኮዳ የወታደር ነው» ብሎ የሚያፍር ካለ፣ ስሙን ከወዲሁ ከዝርዝሩ ያሰርዝ።