የአምባሰል ልጅ ገጽ ይገባዋል?

ሐይቅ ከተማ የምትኖረው እህቴ ሰሞኑን ደውላ ሰላምታውን ሳታስረዝም፣ «አንተ የጋዜጣ ሰው አይደለህ? ለልጄ ዊኪፔዲያ ላይ አንድ ገጽ ጻፍለት» አለችኝ።

ልጁ ማሲንቆ ይጫወታል። አሳታሚ የለውም። ዘፈኑን ሠርግ እየተጫወተ ባጠራቀመው ገንዘብ ደሴ ይቀርጽና በዩቲዩብ ራሱ ይለቃል። በቅርቡ ለውጭ አገር የሙዚቃ መድረክ ማመልከቻ ሲሞላ ስለ እሱ ሌሎች የጻፉት ነገር ካለ እንዲያስገባ ተጠየቀ። የሚያስገባው አጥቶ ባዶውን ተወው። እህቴን ያንገበገባት ያ ባዶ ቦታ ነው። በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ስለማይጠፋ ነገሩን ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ።

እ.ኤ.አ. በ2001 በተጀመረው ዊኪፔዲያ ማንም መጻፍ ይችላል። ስለ ማንም ግን አይጻፍበትም። ስለ አንድ ሰው ገጽ ሊኖር የሚገባው ከሰውየው ጋር ጥቅምም ዝምድናም የሌላቸው ሰዎች፣ በሚታመን ጋዜጣ፣ መጽሔት ወይም መጽሐፍ፣ ስለ እሱ ሰፋ አድርገው ጽፈው ሲገኙ ነው። ራሱ የለቀቀው፣ ማስታወቂያ ወይም ስሙን በአንድ መስመር ብቻ የሚጠራ ዜና አይቆጠርለትም። ለሙዚቀኞች ተጨማሪ ምልክቶች አሉ፤ ትልቅ ሽልማት ማግኘት ወይም በታወቀ አሳታሚ ሁለት አልበም ማውጣትን የመሳሰሉ። ዘመድ ስለ ዘመዱ ባይጽፍ ይመረጣል።

ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም። ሁሉም ስለ ራሱ ቢጽፍ አንባቢ ምኑን ያምናል? ደግሞም ገጹን ማንም ሊያርመው ስለሚችል፣ ነገ አንድ ተንኮለኛ ስለ ልጁ ውሸት ቢጨምርበት ውሸቱን የምናስተባብልበት የውጭ ምስክር ያስፈልገናል። ምስክር የሌለው ገጽ ልጁን ከመጥቀም ይልቅ ሊያጋልጠው ይችላል።

በዚህ ሚዛን የእህቴን ልጅ መዘንኩት። ያለው በወረዳው የባህል ዝግጅት ላይ መጫወቱን የሚያነሳ አጭር ዜና ብቻ ነው። «ለጊዜው አይበቃም፤ ደግሞም ጸሐፊው እኔ አጎቱ መሆን የለብኝም» አልኳት። «እዚህ ሐይቅ ያልሰማው ሰው የለም እኮ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ይሁን እንጂ የሰማው ሁሉ አልጻፈም።

ቅሬታዋን ግን እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም። አገሩ አምባሰል ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም ይዘዋል። አምባሰል ሲባል ማሪቱ ለገሰ ትዝ የማትለው የለም። ከእሷ በፊት ቅኝቱን ከአፍ ወደ አፍ፣ ከእጅ ወደ እጅ ያሳለፉት አዝማሪዎች ግን ስንቶቹ በስማቸው ይታወቃሉ? በጽሑፍ ብቻ የሚመዝን ሚዛን በቃል ለሚኖር ሙያ ይከብዳል። ሙያው ትልቅ ሆኖ ሳለ ማስረጃው ያንሳል።

ማስረጃው አንዳንዴ ዘግይቶ ይመጣል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ታሪክ ለዚህ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ በወጣትነታቸው የመነኑት እዚያው አምባሰል፣ ግሸን ማርያም ነበር፤ ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖረውበታል። የመጀመሪያው የፒያኖ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ታተመ፤ ገቢውም ለበጎ አድራጎት ዋለ። ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ ሥራቸውን በ21ኛው ቅጹ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የዓለም ጋዜጦች በብዛት የጻፉላቸው ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ሲያርፉ የ99 ዓመት አዛውንት ነበሩ። በመካከሉ ባለፉት 39 ዓመታት ሙዚቃው ያው ነበር፤ የጨመረው የጻፈላቸው ሰው ነው።

ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ በአኮርዲዮን የቀረጸውን ካሴት ካወጣ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቷል። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ገዛው፤ ባለቤቱንም ፈልጎ አገኘውና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። ካሴቱ ላይ ስሙ ባይኖር ኖሮ ማን ብሎ ይፈልገዋል?

መመዝገብ ለሐይቅ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትምህርት ቤት አቋቁመው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት አፍርተዋል። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ወንጌል ለገዳሙ የሰጧቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ይዟል። ከ700 ዓመት በላይ አልፎ ተመራማሪዎች ስለ ገዳሙ ቤተ መጻሕፍት የሚናገሩት ያን ጊዜ ተዘርዝሮ ስለተጻፈ ነው። በዚያው ሐይቅ ዳር የተዘፈነው ግን እንዲህ ያለ ዝርዝር አላገኘም።

ስለዚህ እንደ እህቴ ልጅ ላሉት ከገጹ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። እያንዳንዱ ዘፈን ሲለቀቅ ግጥሙና ዜማው የማን እንደሆነ፣ ማን ምን መሣሪያ እንደተጫወተ፣ በየትኛው ቅኝት፣ የትና በየትኛው ቀን እንደተቀረጸ ሥሩ ይጻፍ። ዘፈኑ የቀደምት አዝማሪ ከሆነ ከማን እንደተማረው በስም ይጠቀስ። የዝግጅት ፕሮግራሞችና ስሙ ያለባቸው ጋዜጦች ቀናቸው ተጽፎባቸው ይቀመጡ። ለጋዜጠኛ ሲነገር ደግሞ ውዳሴው ይቅርና ይህ ዝርዝር ይሰጠው፤ ጸሐፊ የሚፈልገው ይህንን ነው።

የእኛም የጋዜጠኞች ድርሻ አለ። ስለ ሙዚቀኛ ስንጽፍ «ተወዳጁ»፣ «ዝነኛው» ብለን እናልፋለን እንጂ ማን እንዳስተማረው አንጠይቅም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለአንባቢም ለኢንሳይክሎፒዲያም አይጠቅምም።

እናንተም በዚህ ሳምንት የቤታችሁን የድሮ ካሴቶች አውጡ። ልባሱ የጠፋበት ካለ የዘፋኙን ስም የሚያስታውስ አባት ወይም እናት በሕይወት ሳሉ ጠይቁና በእስክሪብቶ ጻፉበት። ማሲንቆ መቺውንም የሚያውቁት ከሆነ ስሙን አትርሱት።